ባንዲራ ስትሰፉ ከቢጫው ጀምሩ

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሥራዬ ይቀየራል። የሠርግ ሱፉና የተማሪ ዩኒፎርሙ ወደ ጎን ይባልና፣ ጎንደር አራዳ ያለችው ጠባብ ሱቄ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ትሞላለች። የሰንደቅ ዓላማ ቀን የሚውለው በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ስለዚህ የመጣው ሁሉ "ለሰኞ አድርስልኝ" ይላል። ያ ሲያልፍ ደግሞ ጥምቀት አለ።

"ሦስት ጨርቅ መግጠም ምን ይከብዳል?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ባንዲራዬ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ። የታዘዝኩት 90 ነበር።

ምን አጠፋሁ? 90ን ለሦስት አካፈልኩና እያንዳንዱን ልክ 30 አድርጌ ቆረጥኩ። ስፌቱና ቅምቅማቱ የሚበላውን ረሳሁት። እናንተ እንደሱ እንዳታደርጉ። 90 በ180 የሆነ ባንዲራ ካሰባችሁ (ሕጉ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ይሁን ነው የሚለው) ቢጫውን 33 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። 30ው የሚታየው ነው፣ በላይና በታች ያለው 1.5 ደግሞ ለስፌት ነው። አረንጓዴውና ቀዩ 33.5 ይሁኑ፤ ምክንያቱም በአንድ ጎን ለስፌት 1.5፣ በሌላው ጎን ለቅምቅማት 2 ይፈልጋሉ። ርዝመቱን ለሦስቱም 186 አድርጉት። ትንሽ ቢተርፍ መቀስ አለ፤ ቢያጥር ግን መቀስ አይቀጥለውም።

ጨርቁ ፖሊስተር ቢሆን ጥሩ ነው። ጥጥ ያምራል፣ ግን ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ይከብድና እንጨቱ ላይ ተልፈስፍሶ ይውላል። ከሁሉ በላይ ቀዩን ፈትኑት። ከጫፉ ቁራጭ ወስዳችሁ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት በነጭ ጨርቅ እሹት። ነጩ ሮዝ ከሆነ ያንን ቀይ ለነጋዴው መልሱለት። አንድ ዓመት ይህን ሳላደርግ ለአንድ ትምህርት ቤት ሰፋሁ። በመጀመሪያው ዝናብ ቀዩ ለቀቀና ቢጫው ብርቱካን መሰለ። ገንዘቡንም መለስኩ፣ ደንበኛውንም አጣሁ።

አሁን ወደ ስፌት መኪናው። ስፌት ያስተማሩኝ ሽማግሌ "ባንዲራ" ስል ይቆጡኝ ነበር። "ቃሉ የጣሊያን ነው፣ ሰንደቅ ዓላማ በል" ይሉኛል። ሰንደቅ እንጨቱ፣ ዓላማ ጨርቁ ነው ብለው ያስረዱኛል። እንዲያ ከሆነ እኔ የምሰፋው ዓላማውን ብቻ ነው፤ ሰንደቁ የአናጢ ሥራ ነው። አፌ ግን እስካሁን ባንዲራ ማለቱን አልተወም።

የእሳቸው ትልቁ ምክር "ከቢጫው ጀምር" የሚል ነበር። ቢጫውን መኪናው ላይ ዘርጉ። መጀመሪያ አረንጓዴውን ከላይ ግጠሙ፣ ቀጥሎ ቀዩን ከታች። ከዳር ጀምራችሁ ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ስፌት ሲጣመም ሁሉም ይጣመማል። መሀሉ ቀጥ ካለ ግን ሁለቱ ዳሮች ይከተሉታል። ከገጠማችሁ በኋላ አንዱን የስፌት ትርፍ ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀንሱት፣ ሌላውን አጥፉበትና ላዩ ላይ ድገሙት። ባንዲራ እንደ ሱሪ ገበር የለውም። በሁለቱም ፊት ይታያል።

"ከላይ የቱ ነበር?" የሚል ደንበኛ አሁንም ይመጣል። አይፈረድበትም። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ጨርቅ ላይ በተሰፉበት በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዓድዋ ማግስት ማለት ነው፣ ቀዩ ነበር ከላይ የነበረው። ቢጫው ላይ ደግሞ የምኒልክ ስም መጀመሪያ "ም" ፊደል ነበረች። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አረንጓዴ ወደ ላይ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ትርጉሙን የሚጠይቁኝም አሉ። አዋጁ አረንጓዴውን ሥራ፣ ልምላሜና እድገት ይለዋል። ቢጫው ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት ነው። ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለ መሥዋዕትነትና ጀግንነት ነው። እናቴ ግን አዋጅ አታነብም። ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ላይ የማርያም መቀነት ሲወጣ "ያው ባንዲራችን" ትላለች። ለእሷ ቀለማቱ ከዚያ የወረዱ ናቸው፤ የኖኅ ቃል ኪዳን። እኔ ለደንበኛ ሁለቱንም እነግራለሁ፣ የወደደውን ይውሰድ።

ቢጫው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መንግሥት በመጣ ቁጥር ማኅተሙን ያሳረፈው እዚያው ነው። "ም" ሄደች፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ መጣ። ደርግ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፣ በ1980 ደግሞ የኢሕዲሪን (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን) አርማ አደረገበት። ከ1983 በኋላ ትንሽ ጊዜ ባዶውን ውለበለበ። በ1988 ሰማያዊው ክብና ኮከቡ ገባ። መምህሬ የአንበሳውንም የኮከቡንም ሰፍተዋል። "እኔ ቢጫውን ሰፊ አድርጌ ነው የምቆርጠው" ብለው ይስቁ ነበር።

እዚህ ላይ ጭቅጭቅ እንዳለ አውቃለሁ። አርማ የሌለውን ስፋልኝ የሚለኝ አለ፣ ያለ አርማው አልቀበልም የሚለኝም አለ። አዋጅ ቁጥር 654/2001 አርማ የሌለውን ባንዲራ መጠቀም ይከለክላል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት የምሰፋው ባለ ኮከቡን ነው።

ኮከቡ ብዙ ሰው የሚሸሸው ሥራ ነው፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። ለ90 በ180 ባንዲራ ሰማያዊው ክብ ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ባንዲራው መሀል ሲቀመጥ አረንጓዴውንና ቀዩን እኩሌታቸው ድረስ ይነካል። ኮምፓስ ከሌላችሁ ምስማር፣ ክርና ጠመኔ ይበቃል። በክቡ ውስጥ ስፋቱ 50 የሆነ ሌላ ክብ በስሱ አስምሩ። ከላይኛው ጫፍ ጀምራችሁ በየ29.4 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ አድርጉ። በሜትር ክብ ዳሩን ተከትላችሁ ሳይሆን ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። አምስት ነጥብ ይወጣላችኋል። አንዱን እየዘለላችሁ በመስመር አገናኟቸው፣ ኮከቡ ራሱ ይመጣል። በክንዶቹ መካከል ካሉት አምስት ጉድጓዶች ደግሞ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ወደ ውጭ ይውጡ።

ጀማሪ የሚሳሳተው ኮከቡን በቢጫ ጨርቅ ሲሞላው ነው። ኮከቡ በመስመር የተሠራ እንጂ የተሞላ አይደለም። ቀጭን ቢጫ ጥብጣብ ተጠቀሙ፣ ወይም በጥልፍ መኪና አስጠልፉት። መስመሩ የት ላይ እንደሚቋረጥ ለማየት የታተመ አርማ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ክቡን ሁለት አድርጋችሁ ቁረጡና በሁለቱም ፊት ለጥፉ። በረጅም ስፌት ያዝ ያዝ አድርጋችሁ ካውያ ምቱበት፣ ከዚያ ዳሩን በዚግዛግ ዙሩ። ያለ ካውያ ከሰፋችሁት መሀሉ እንደ እንጀራ ዓይን ይነፋፋል።

በነፃ የሚውለበለበው ጫፍ ቶሎ ይቀደዳል፤ ነፋስ የሚበላው እሱን ነው። ሁለቴ አጥፉና አራት ረድፍ ስፉበት። በእንጨቱ በኩል ጠንካራ ነጭ ሸራ አድርጉ፣ ገመድ የሚያልፍበት እጅጌ ይኑረው።

ባንዲራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተሰቅሎ ማታ 12 ሰዓት ይወርዳል። ለኀዘን ዝቅ ሲል መጀመሪያ ጫፍ ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ዝቅ የሚለው። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የሰቃዩ ነው። ግን አንድ ጥቅምት፣ ገና በጠዋቱ፣ ከሱቄ ማዶ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ የሰፋሁት ባንዲራ ቀዩ ወደ ላይ ሆኖ ሲወጣ አየሁ። ዘበኛው በጨለማ ነው ያሰረው። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጬ ሄድኩና "ጋሼ፣ ተገልብጧል!" ብዬ ጮኽኩ። አውርደን አብረን ቀና አደረግነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሸራው ላይኛ ጫፍ፣ አረንጓዴው ጎን፣ አንዲት ወፍራም የክር ቋጠሮ እሰፋለሁ። በጨለማም ቢሆን ጣት ታገኛታለች።