ኮምፖዚት ውስጥ የተቀበረ ፋይበር ሲያስቸግር

ኮምፖዚት (እንደ ካርቦን ያለ ክር በሬዚን፣ ማለትም በሚደርቅ ሙጫ፣ ተያይዞ የሚሠራ ቁስ) በተደጋጋሚ ጭነት ሲደክም ከላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ኦፕቲካል ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) በሴንሰርነት የምንቀብረውም ለዚሁ ነው። ከባዱ ነገር፣ ሴንሰሩ ራሱ ሲታመም ምልክቱ የቁሱን ድካም መምሰሉ ነው። እዚህ የማወራው በብዛት ስለሚሠራበት ስለ ብራግ ግሬቲንግ ነው፤ ይህ ፋይበሩ ውስጥ የተቀረጸ፣ አንድን የሞገድ ርዝመት መርጦ መልሶ የሚያንጸባርቅ ክፍል ነው፤ ሲወጠር ወይም ሲሞቅ ያ የሞገድ ርዝመት ይለወጣል።

ብርሃኑ ጠፋ

መጀመሪያ ኮኔክተሩን አጽዱ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ ቀዩን የመፈተሻ ሌዘር ልቀቁበትና የክፍሉን መብራት አጥፉ። ፋይበሩ ከኮምፖዚቱ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀይ ነጥብ ደምቃ ካያችሁ፣ የተሰበረው እዚያ ነው። ሬዚን ፋይበሩ ላይ ሾልኮ ሲደርቅ እንዳይተጣጠፍ ያደርገዋል፤ ትንሽ ሲነካ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውጭ የቀረ ጭራ ካለ ቀጥሉት። ከሌለ በሌላኛው ጫፍ አንብቡ፤ ግሬቲንግ ከሁለቱም በኩል ይነበባል። ስለዚህ ስትቀብሩ ሁለቱንም ጫፍ አውጡ፣ መውጫው ላይም ቀጭን የቴፍሎን ቱቦ አልብሱት።

ንባቡ ቀስ እያለ ይወጣል

ጭነቱ ያው ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ግን ይጨምራል። «ቁሱ ላላ» ከማለታችሁ በፊት ሙቀቱን ጠርጥሩ። በ1550 ናኖሜትር አካባቢ ግሬቲንጉ ለ1 ማይክሮስትሬን (የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ መለጠጥ) ወደ 1.2 ፒኮሜትር (የናኖሜትር አንድ ሺኛ)፣ ለ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ ወደ 10 ፒኮሜትር ይንቀሳቀሳል። ናሙናው በፈጣን ጭነት 10 ዲግሪ ቢሞቅ 80 ማይክሮስትሬን ገደማ ያልነበረ ነገር ታያላችሁ።

መለያው ቀላል ነው። በአንድ ሳይክል (አንድ ጊዜ ተጭኖ እስኪለቀቅ) ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ጭነት መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ሙቀት ሁለቱንም እኩል ይገፋቸዋል። የጭነቱ መጠን ሳይቀየር ልዩነቱ ከሰፋ ግን ቁሱ በእርግጥ እየላላ ነው። ሙቀት ከሆነ የጭነቱን ፍጥነት ቀንሱ፤ ወይም ጭነት የማይነካው ሁለተኛ ግሬቲንግ በቱቦ ውስጥ አስቀምጡ።

ፒኩ ለሁለት ተሰነጠቀ

ፒክ ማለት ግሬቲንጉ የሚመልሰው ብርሃን በግራፉ ላይ የሚሠራው ጫፍ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ወሳኙ ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው።

ሬዚኑ እንደጠነከረ፣ ገና ሳትጭኑት ከታየ፣ ፋይበሩን ከጎን የጨመቀው ውጥረት ነው። 125 ማይክሮን የሚወፍረው ፋይበር አንድን ስስ የካርቦን ንብብር ያክላል። የካርቦን ክሮቹን አቅጣጫ አቋርጦ ሲተኛ ንብብሮቹ ከላዩ ጉብ ይላሉ፤ ግራና ቀኙ ሬዚን ብቻ የሞላው፣ ዓይን የሚመስል ክፍተት ይቀራል። ይህ ቦታ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል! በሚቀጥለው ጊዜ ከካርቦኑ ክሮች ጋር አቅጣጫው አንድ እንዲሆን አስተኙት። ያሁኑን አትጣሉት፤ መሰንጠቁ ካልተለወጠ ከሁለቱ አንዱን ፒክ ብቻ መከታተል ይቻላል።

ከብዙ ሳይክል በኋላ ፒኩ ከሰፋ ወይም ከጎኑ ሌላ ጫፍ ካወጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ግሬቲንጉ ዳር እስከ ዳር እኩል እየተወጠረ አይደለም ማለት ነው። አጠገቡ ስንጥቅ አለ፣ ወይም ንብብሮቹ እየተላቀቁ ነው። ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው! የፒኩን የሞገድ ርዝመት ብቻ የሚመዘግብ ሰው ግን የሚያየው የሚዘል ንባብ ስለሆነ «ተበላሸ» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ ሙሉውን ስፔክትረም (የተመለሰው ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን ግራፍ) አስቀምጡ፦ ከመቅበራችሁ በፊት፣ ሬዚኑ ከጠነከረ በኋላ፣ ከዚያም በየተወሰነው ሳይክል፣ ሁሌም በእኩል ጭነትና ሙቀት።

ከስትሬን ጌጅ ያነሰ ያነባል

ስትሬን ጌጅ ቁሱ ላይ የሚለጠፍ የመለጠጥ መለኪያ ነው። የፋይበሩ ሽፋን አክሪሌት (ለስላሳ ፕላስቲክ) ከሆነ በ180 ዲግሪ መጋገሩን አይችለውም፤ ውጥረቱንም በደንብ አያስተላልፍም። ሙቀት የሚችለውን ፕላስቲክ፣ ፖሊኢሚድን፣ ምረጡ። የተቀበረውን ከጌጁ ጋር በዝግታ ጫኑና አመሳክሩ። የሁለቱ ንጽጽር በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ያንን ሴንሰር ከስሌቱ አውጡት።