ፕሮክሲማን በስልክ ካልኩሌተር፣ ከአራት ኪሎ

አራት ኪሎ ቆሜ ፕሮክሲማ ሴንታውሪን አያለሁ ካላችሁ በከንቱ ትለፋላችሁ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ ቅርቧ ኮከብ ናት፤ ድምቀቷ ግን 11.13 ነው። በዚህ ልኬት ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። መብራት የሌለበት ገጠር እንኳ ዓይናችን ከ6 ብዙም አያልፍም። ግን አንዲት ማኪያቶ እስክትጠጡ ርቀቷንና ጉልበቷን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ሲምባድ የሚባለውን ነፃ የከዋክብት የመረጃ ቋት ክፈቱና ስሟን ፈልጉ። ገጹ በቁጥር የታጨቀ ነው፤ አትደንግጡ። ብዙ ሰው ሮጦ ርቀት ይፈልጋል። እኔ የምጀምረው ከፓራላክስ ነው። የተለካው እሱ ነው፤ ርቀት ከእሱ የሚወጣ ሂሳብ ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር ቅርብ ኮከብ ከሩቆቹ አንፃር ወዲያ ወዲህ ያለ ይመስላል። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ይህን 768.07 ሚሊ አርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3.6 ሚሊዮንኛ የሆነች የማዕዘን መለኪያ) ብላ ለክታዋለች። አጠገቡ 0.05 የምትል ቁጥር አለች፤ የልኬቱ ስህተት ናት። ይህች ቁጥር የፓራላክሱን አንድ አምስተኛ ካለፈች፣ እኔ በዚያ ኮከብ ጊዜዬን አላጠፋም።

1000ን ለ768.07 አካፍሉ፦ 1.302 ፓርሴክ (የከዋክብት ርቀት መለኪያ)። በ3.26 ስታባዙት 4.24 የብርሃን ዓመት። ርቀቱ አለቀ።

ቀጥሎ ጉልበት፣ ማለትም በእውነት ምን ያህል ብርሃን እንደምትረጭ። ካልኩሌተሩ ላይ የ1.302ን ሎግ ውሰዱና በ5 አባዙ፤ 0.57 ይመጣል። 11.13 ላይ 5 ደምሩ፣ 0.57 ቀንሱ፦ 15.56። ኮከቧ 10 ፓርሴክ ርቀት ላይ ብትቀመጥ የሚኖራት ድምቀት ይህ ነው። ፀሐያችን እዚያው ብትቀመጥ 4.83 ነበረች። ልዩነቱ 10.73 ነው። እያንዳንዱ የድምቀት ደረጃ 2.512 እጥፍ ስለሆነ፣ ካልኩሌተሩ ላይ 2.512ን በ10.73 ፓወር አንሱት፤ ፀሐይ ወደ 20 ሺህ እጥፍ ትበልጣታለች።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሌላ ቦታ ልዩነቱ 600 እጥፍ ገደማ ነው ሲባል ታነቡ ይሆናል። ማን ዋሸ? ማንም። 11.13 በቪ ማጣሪያ፣ ማለትም ዓይናችን በሚያየው ብርሃን የተለካ ነው። ሲምባድ ላይ ወደታች ውረዱና ኬ (የኢንፍራሬድ ማጣሪያ) የሚለውን ፊደል እዩ፦ 4.38። የገጽዋ ሙቀት 3,000 ኬልቪን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጉልበቷ የሚወጣው እኛ በማናየው ኢንፍራሬድ ነው። 600 የሚለው ሁሉንም ጨረር ደምሮ ነው። 12ኛ ክፍል ያለው የእህቴ ልጅ «ፊደሏ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ሲሟገተኝ ያስቆምኩት በ11.13 እና በ4.38 ነው። ድምቀት ስትጽፉ ፊደሉን አትርሱ።

ቢያንስ ሰፈሯን ልያት ለሚል፦ በግንቦት አጋማሽ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ እንጦጦን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ዙሩ። ፎቅ ካልጋረዳችሁ፣ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። የግራዋ አልፋ ሴንታውሪ ናት። ፕሮክሲማ ከሥሯ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ 2 ዲግሪ ያህል ርቃ አለች።

ለመለማመጃ የካፕታይንን ኮከብ ውሰዱ፤ እሷም የደቡብ ሰማይ ናት። ፓራላክሷ 254.2፣ በቪ 8.85 ነው። 10 ፓርሴክ ላይ የሚኖራት ድምቀት 10.9 ገደማ ካልመጣላችሁ ሚሊውን ረስታችሁ 1ን ለ254.2 አካፍላችሁ እንዳይሆን እዩ።