ውሉ የማን ጠረጴዛ ላይ ቆመ? የፊርማ ቅንብርን ወደ አውቶማቲክ የሥራ ፍሰት ስታዛውሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ተጠቃሚ መመዝገብን፣ የኢሜይል አድራሻ መፈተሽንና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝን እንደምታውቁ ቆጥሬ እጀምራለሁ። እዚህ የምጽፈው ውሉን ማን በምን ተራ እንደሚፈርም የሚወስነው ቅንብር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ከተዛወረ፣ “ማዛወሩ ተጠናቋል” ተብሎም ሻይ ከተጠጣ በኋላ ስልኬ የሚጮኽባቸውን ብልሽቶች ነው።

ውሉ ተልኳል፣ ግን ማንም አልፈረመም

ከሁሉም የሚደጋገመው ይህ ነው። ሥርዓቱ “ፊርማ በመጠበቅ ላይ” ይላል። ሳምንት ያልፋል። አቅራቢው ግዥ ክፍል ይደውላል፣ ግዥ ክፍል ወደ ሕግ ክፍል ይጠቁማል፣ ሕግ ክፍል ደግሞ “ኮምፒውተሩ ነው” ይላል።

ኮምፒውተሩ አይደለም። የፊርማው ቅደም ተከተል በሥራ መደብ ፈንታ በሰው ስም ስለተሠራ ነው። በወረቀት ዘመን ይህ ጉድለት አይታይም ነበር። ሥራ አስኪያጁ መስክ ከወጡ ጸሐፊዋ ማን እንደተወከለ ታውቃለች፤ ማህደሩን አንስታ ምክትላቸው ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች። ይህ እውቀት በየትኛውም መመሪያ ላይ አልሰፈረም። ቅንብሩን ያዛወረው ባለሙያም መመሪያውን እንጂ ጸሐፊዋን አልጠየቀም።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንድ ኃላፊ ኢሜይል በ37 የውል ቅጾች ላይ ተጽፎ አገኘሁ። ኃላፊው ከተዛወሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ አድራሻቸውም ተዘግቷል። ውሎቹ ወደ ተዘጋ ሳጥን ይሄዳሉ፤ “አልፈረሙም” የሚለው ማስታወሻም እየተከተለ እዚያው ይገባል። የጥበቃ ሠራተኞች ውል ሳይታደስ ጊዜው ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። ጥበቃዎቹ ግን በር ላይ ቆመው ነበር፤ ያለ ውል።

ሌላው ቤት ደግሞ የባሰ “መፍትሔ” አበጀ። ኃላፊው ሲወጡ የይለፍ ቃላቸውን ለረዳታቸው ሰጡ፤ ረዳቱም በቢጫ ወረቀት ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ለጠፈው። ኦዲተር መጥቶ የክንውን መዝገቡን ሲያይ፣ ኃላፊው አውሮፕላን ውስጥ በነበሩበት ሰዓት ሦስት ውሎች ከቢሮ ኮምፒውተር ፈርመዋል። እስኪ ይህን አስረዱ። የይለፍ ቃል ውክልና አይደለም። በሰው የይለፍ ቃል መፈረም በሰው እጅ ጽሑፍ አስመስሎ ከመፈረም አይለይም።

መፍትሔው የሚሠራው ከማዛወሩ በፊት ነው። ያለፈውን ዓመት የተፈረሙ ውሎች ከመዝገብ ቤት አውጡና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ እዩ። በቲተሩ (በፈራሚው የስም ማህተም) ላይ ያለው ስምና በመመሪያው ላይ ያለው ስም ስንት ጊዜ እንደሚለያይ ቁጠሩ። የተለያየበት እያንዳንዱ ውል በቅንብሩ ውስጥ ቦታ ሊኖረው የሚገባ ያልተጻፈ ደንብ ነው። ከዚያ ሁለት ሰንጠረዥ ሥሩ፦ አንዱ ውሉን ከሥራ መደብ ጋር ያገናኛል፣ ሌላው የሥራ መደቡን ዛሬ ከያዘው ሰው ጋር። ሰው ሲቀየር የሚነካው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ 37 ቅጽ መክፈት ቀረ ማለት ነው። ለሁለተኛው ሰንጠረዥ ባለቤት ስጡት፤ የሰው ሀብት ክፍል ቢሆን ይሻላል፣ ዝውውርና ፈቃድ አስቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ውክልናው ለብቻው ይመዝገብ፦ ወካይ፣ ተወካይ፣ የገንዘብ ጣሪያ፣ መነሻ ቀን፣ ማብቂያ ቀን። እዚህ ላይ ትጣላላችሁ። የውክልና ደብዳቤዎቻችን “ከሥራ ጉዞ እስክመለስ ድረስ” ይላሉ፤ ሥርዓቱ ደግሞ “እስክመለስ” የሚባል ቀን አያውቅም። ማብቂያውን ባዶ የተዉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ተወካዩ ኃላፊው ከተመለሱ ከአራት ወር በኋላም ይፈርም ነበር። ደብዳቤው ራሱ ቀን ቆርጦ እንዲጻፍ አስደርጉ። ካስፈለገ ይራዘማል።

በመጨረሻ ፈትሹት። አንድ ኃላፊ ለአንድ ቀን “ፈቃድ ላይ” ብላችሁ መዝግቡና የሙከራ ውል ላኩ። ወደ ተወካዩ ካልሄደ የቀረውን ሥራ አትጀምሩ።

ውሉ ያለ ሥልጣኑ ሰው ጋ ይሄዳል

ምልክቱ፣ የቅርንጫፍ ኃላፊው ሊፈርም የሚገባው ውል ዋና ሥራ አስኪያጁ ጋ ይደርሳል፤ ወይም የከፋው፣ ተቃራኒው ይሆናል። መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ጣሪያው አንድ ሚሊዮን ብር ነው እንበል። የ900,000 ብር ውል ታክሱ ሲጨመር 1,035,000 ይሆናል። ለመሆኑ ጣሪያው ታክስን ይጨምራል? ብዙ መመሪያ አይናገርም፤ ሁሉም በልማድ ይሠራበታል። በጽሑፍ ያስወስኑት፤ ባለሙያው በራሱ ግምት አይሙላው።

“ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ተለውጧል”

ይህን ቀይ ማስጠንቀቂያ ያየ ሁሉ ሰርጎ ገብ የመጣ ይመስለዋል። የመጣችው የመዝገብ ቤቷ ባልደረባ ናት። በልማዳችን አለቃ ይፈርማል፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጣል፣ ማህተም ይመታል። ከሰነዱ ይዘት ጋር በኮድ በሚቆራኘው በዲጂታል ፊርማ ግን ከፊርማው በኋላ አንዲት ቁጥር እንኳ ብትጨመር ሰነዱ ተነክቷል፤ ማረጋገጫው ይሰበራል። ስለዚህ ቁጥሩ፣ ቀኑና የማህተሙ ምስል ከመጀመሪያው ፊርማ በፊት ይግቡ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መዝገብ ቤት እንደሚያጉረመርም ግን ከወዲሁ እወቁ።

እግረ መንገዴን፦ ወረቀት ላይ ፈርሞ በስካነር ያነሳውን ምስል “ዲጂታል ፊርማዬ” የሚል ሰው ዛሬም አለ። እሱ ፎቶግራፍ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የሕግ ክፍላችሁ አንብቦት የትኛው ውል በየትኛው ዓይነት ፊርማ እንደሚያልፍ ይወስን።

ውሉ ገና ሳይላክ “ጊዜው አልፎበታል”

የዘመን አቆጣጠር ነው። 2017 ተብሎ የተጻፈውን ሥርዓቱ እንደ ፈረንጆች 2017 ወስዶታል። ይህ ቢያንስ ወዲያው ይታያል። ያስቸገረኝ የጳጉሜን ነው። አንድ ጸሐፊ 05/13/2016 ብሎ ጻፈ፤ ጳጉሜን 5 ማለቱ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የለምና ሥርዓቱ ይቃወማል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ቁጥሮቹን ገልብጦ እንደ ፈረንጆች ሜይ 13 ቀን 2016 አነበበውና ውሉን ከስምንት ዓመት በፊት ጊዜው ያለፈበት አደረገው። ትክክለኛው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነበር። ቀን በእጅ አይጻፍ። በሥርዓቱ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር፤ ሌላው ለንባብ ከጎኑ ይታተም። ሰዓቱንም አትርሱ፦ “እስከ 11 ሰዓት” የተባለው ገደብ 17:00 ነው። 11:00 ብላችሁ ካስገባችሁት ውሉ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

የፊርማ ሳጥኑ ቦታውን ይስታል ወይም አይወጣም

ብዙ ሥርዓቶች ሳጥኑን፣ ማለትም ፈራሚው የሚፈርምበትን ቦታ፣ የሚያስቀምጡት በውሉ ውስጥ ያለ ቃል ፈልገው ነው። “ፊርማ” የሚለውን መፈለጊያ ካደረጋችሁ በአንቀጽ 7 መሐል ያለው “ፊርማ” ላይም ሳጥን ይወጣል፤ በውል ጽሑፍ የማይገኝ ምልክት ምረጡ። ጭራሽ ካልወጣ ደግሞ ቅጹ የተተየበው ከዩኒኮድ (ዛሬ የሁሉም ቋንቋ ፊደላት ከሚጻፉበት የጋራ ኮድ) በፊት በነበረ የግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። ለዓይን ግዕዝ ነው፤ ከሥሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው። ቃሉን ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት፤ የላቲን ዝብርቅርቅ ከወጣ ቅጹን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ግድ ነው። አሮጌ ቅጽ ላይ አዲስ ሥርዓት የሚጭኑ ሰዎች ይህንን በመጨረሻው ቀን ማወቃቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ውሉ ፋይናንስ ጋ ከቆመ፣ “ግልባጭ” የሚደርሰው ክፍል ፈራሚ ተብሎ ገብቷል።

“ፀሐይ” እና “ጸሐይ” ለሥርዓቱ ሁለት ሰው ናቸው፤ ፈራሚን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር አዛምዱ።

የምስክሮች መስመር ከጠፋ፣ ቅጹ ከውጭ አገር የመጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ እንዲሆን ለሚያስፈልግ ውል ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል።

የቤት ሽያጭንና የመሳሰለውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በዚህ ፍሰት ውስጥ አታስገቡ፤ አንቀጽ 1723 በፍርድ ቤት ወይም ውል በማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል።

የፈረመ ሰው እንደገና ፈርም ይባላል

በግማሽ የተፈረመ ውል አዛውራችኋል። አዲሱ ሥርዓት የድሮውን ፊርማ አያውቀውም፤ ከአንደኛው ፈራሚ ይጀምራል። አቅራቢው ሁለት ጊዜ ከፈረመ ሁለት ውል በእጁ ይዟል፤ ዋጋው በመካከል ተስተካክሎ ከነበረ ደግሞ የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ ገምቱ። የተጀመረው በተጀመረበት ይለቅ። የመቁረጫ ቀን ወስኑ፤ ከዚያ በፊት የወጣ ውል በወረቀቱ ይጨረስ፣ የመጨረሻው ወረቀት እስኪፈረም ድረስም ማህተሙን ከአገልግሎት አታስወጡት።