የጠጠር ንጣጣ በአሮጌ ስፖርት መኪና፦ መፍትሔው ከፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው የቦዲ ክፍል) ውስጥ ነው

ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር ከኋላ ወንበር ሥር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣ ነበር። ሞኬት ሥር ስፖንጅ ማንጠፍ የጎማውን ጉምጉምታ ቀነሰ እንጂ ንጣጣውን አልነካውም። ድምፁ የሚፈጠረው ጠጠሩ ራቁቱን ላሜራ ሲመታ ስለሆነ መታፈን ያለበት እዚያው ነው።

የሠራው ይህ ነው፦ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጠንካራ መደገፊያ ላይ ማሳረፍ፣ ጎማውንና የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ መፍታት፣ ጭቃውን አጥቦ ማድረቅ። ዝገት ካለ እስከ ብረቱ ፍቆ አንቲረስት መቀባት፤ ይህ ከተዘለለ ዝገቱ ከሥር እየበላ ሽፋኑን ይገሸልጠዋል። ፍሬኑን፣ ሾኩንና የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ሸፍኖ ጎማነት ያለው የቦዲ ሥር ስፕሬይ በ3 ስስ ዙር፣ እያደረቁ መንፋት። አንዴ በወፍራሙ ከተነፋ ውስጡ ሳይደርቅ ይላጣል። በሳሎኑ (በተሳፋሪው ክፍል) በኩል 2 ሚሊሜትር ቡቲል፣ ማለትም ድምፅ የሚያፍን ተለጣፊ የጎማ ንጣፍ፣ በሩሎ ተጭኖ ይለጠፍ። ላሜራውን በጣት ሲያንኳኩት «ቲንን» ማለቱን ትቶ «ዱብ» ካለ ተሳክቷል። ፕላስቲኩን ሲመልሱ የተሰበሩትን ክሊፖች ይቀይሩ፤ የላላ ፕላስቲክ ራሱ ይንቋቋል።