ለጥር 23 ፈረስ ማዘጋጀት

እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚሰግረው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ፈረስ ነው። ሲያርስ፣ ሲጭን፣ ሰርግና ለቅሶ ሲያደርስ ከርሞ ነው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በሚያከብረው በዓል ላይ የሚወጣው። እንዲህ ያለ ፈረስ ጉልበት አያጣም። የሚያጣው የሽምጥ ትንፋሽ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሳምንት አይመጣም። ዝግጅቱን ታኅሣሥ 10 ገደማ ጀምሩ።

መጀመሪያ ጀርባውን ዳስሱ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በሦስት ጣት እየተጫናችሁ ከጫንቃ እስከ ወገብ ውረዱ። ከሸሸ ወይም ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ያመዋል ማለት ነው። የቆሰለ ጀርባ ላይ ግላስ (የፈረስ ልብስ) ደርቦ መጫን ቁስሉን ከዓይን ይሰውራል እንጂ ጫናውን አይቀንስም፤ እስኪድን ኮርቻ አይነካው። ኮርቻውን ለመፈተን ሰው ተቀምጦበት ከኋላ አጮልቃችሁ እዩ፤ በአከርካሪው ላይ ብርሃን ካልታየ እንጨቱ አጥንት ላይ አርፏል። ከግልቢያ በኋላ ደግሞ ላቡን እዩ። ዙሪያው በላብ ርሶ መሐሉ ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው የሚጫነው እዚያ ነው።

ሩጫውን ቀስ በቀስ አሳድጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን፣ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ እርምጃና ሶምሶማ ይበቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዳገት ጨምሩ፤ መሐል ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቀለል ያለ ግልቢያ ይግባበት። ከዚያ በኋላ ከ200 እስከ 300 ሜትር ሽምጥ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በየመሐሉ ትንፋሹ እስኪሰበሰብ በእርምጃ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አቅልሉለት። ልኩን የሚነግራችሁ የልብ ምቱ ነው፤ ከግራ ክርኑ ኋላ እጃችሁን አስገብታችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከቆመ ከ10 ደቂቃ በኋላም ከ64 በላይ ከሆነ የተሰጠው ሥራ በዝቶበታል፤ አንድ ሳምንት ወደኋላ ተመለሱ።

ብዙ ፈረስ የሚበላሸው ግን ሜዳ ላይ ሳይሆን በዋዜማው ማታ ነው። «ነገ ይሮጣል» ተብሎ ገብስ ይቆለልለታል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ያልለመደው እህል አንጀቱ ውስጥ ፈልቶ ሆዱን ይነፋዋል፣ ኮቴውንም እስከ ማቃጠል ይደርሳል። 220 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ድርቆሽ ዋናው መኖ ነው። ገብሱን በግማሽ ኪሎ ጀምራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አሳድጉ፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይለፍ። ሆዱን ዞሮ እያየ መሬት ከጫረ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያም ካልጣለ መኖውን አንሱና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ኮቴውን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በሞረድ አስተካክሉ። በዋዜማው የተሞረደ ኮቴ ሳስቶ ጠጠር ላይ ያነክሳል።

ብቻውን የሠለጠነ ፈረስ እልልታና ከበሮ ሲሰማ ይገነፍላል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተቀጣጠሩ፦ አራት አምስት ፈረስ ጎን ለጎን ይሂድ፣ ሌላው ሰው ጀሪካን ይምታ፣ ጃንጥላ ይዘርጋ፣ ነጠላ ያውለብልብ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ሲለምዱት ከቅርብ። ልጓምና ግላስ ግን መዋዋስ ይቅር፤ ጎረቤት ቢቀየምም ይቅር። የቆዳ በሽታ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚሻገረው በዚህ ነው።

ሩቅ ያላችሁ በዋዜማው ግቡ። ኮርማ ፈረሶችን ቢያንስ ሦስት ሜትር አራርቃችሁ እሰሩ፤ ንግግሩ ሲረዝም ፈረሱን ጥላ ውስጥ ይዞ ውኃ የሚያጠጣ ሰውም ቀድማችሁ መድቡ። ለጉግስ የሾለ ዘንግ አትያዙ፤ ጋሻው የሰውየውን ጭንቅላት ይከልላል፣ የፈረሱን ግን አይከልልም።

ሲጨርስ ወዲያው አታቁሙት። ጠፍሩን አላልታችሁ 15 ደቂቃ በእርምጃ አንሸራሽሩት፤ ውኃውን ጥቂት ጥቂት እያረፈ ይጠጣ። ላቡ ሳይደርቅ ከመሸ የእንጅባራ ብርድ አይምርም፣ ብርድ ልብስ ደርቡለት። በማግስቱ ጀርባውን እንደገና ዳስሱ፤ ያበጠ ነገር ካለ ወደ ቤት የሚመለሰው ሳይጫን፣ እየተሳበ ነው።