ኮሪዶራስ መጥረጊያ አይደለችም

የመጀመሪያዎቹን ኮሪዶራሶች የገዛሁት «የዓሣ ገንዳውን ያጸዱልሃል» ተብዬ ነው። በኋላ ለሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ መነሻው ይህ አባባል ነበር።

ኮሪዶራስ የአምባዛ የሩቅ ዘመድ፣ የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ልጅ ናት። የሌላ ዓሣ ዓይነ ምድር አትበላም። በውሃው ላይ የሚበተነውን ምግብ ደግሞ ከላይ የሚዋኙት ቀድመው ይጨርሱታል፤ «ጽዳት ሠራተኛዋ» ጦሟን ታድራለች። ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ይግዙና መብራት ካጠፉ በኋላ ይጣሉላት።

እኔን ያስከፈለኝ ግን ጠጠሩ ነው። ለዓይን ያምራል ብዬ ባለቀለም ሹል ጠጠር አነጠፍኩ። ይህች ዓሣ አፏን እስከ ዓይኗ ድረስ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትዝቃለች፤ ምግቡን አስቀርታ አሸዋውን በስንጥቦቿ ታስወጣለች። ጠጠር ላይ ይህን ማድረግ አትችልም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጢሞቿ አጥረው አጥረው ጉቶ ሆኑ። ጥፋቱን ሁሉ በድንጋዩ ስለት ሳመካኝ ቆየሁ፤ ጠጠሩን ሳነሳው ግን ከሥሩ የበሰበሰ ምግብ ተከማችቶ አገኘሁ። ጢሟን የሚበላው ቆሻሻውም ጭምር ነው። በደንብ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃታል።

አንድ ወይም ሁለት ብቻ መግዛትም ግፍ ነው። ከአንድ ዝርያ ቢያንስ 6 ይሁኑ፤ ብቻዋን የሆነች ከድንጋይ ሥር አትወጣም።

ገንዳውን ዛሬ ሞልቶ ነገ ዓሣ መጨመርም አይገባም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ መወገድ አለበት፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ሙቀቱም እንደ ዝርያው ነው። ስተርባይ የምትባለው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ትወዳለች። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው የሰበሰባት ፓሊያተስ ግን ከ18 እስከ 23 ይስማማታል፤ ለአዲስ አበባ ቤት እኔ እሷን እመርጣለሁ።

በድንገት ወደ ላይ ተወርውራ አየር ስትጎርስ አይደንግጡ፤ በአንጀቷ ጭምር ትተነፍሳለች። ሁሉም ደጋግመው ከወጡ ግን ውሃውን ይመርምሩ። ስታዘዋውሯት መረቡን ይተዉት። የክንፎቿ እሾህ ሲቆለፍ ከመረቡ ጋር ይያያዛል፤ እኔ መረቡን በመቀስ ቆርጬ ነው ያላቀቅኳት። አሁን በፕላስቲክ ኩባያ እቀዳታለሁ።