ውሻ ሰው ሲነክስ ጤና ጣቢያውና የእንስሳት ሐኪሙ እንዴት ይቀናጁ? ለጎንደር ባለሙያዎች የቀረበ መመሪያ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንም የእንስሳት ሕክምናንም ስለሚያስተምር፣ በከተማዋ ሁለቱን ባለሙያዎች ለማገናኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሥራው የሚጀምረው ስልክ ከመለዋወጥ ነው። የጤና ጣቢያው ተረኛ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቀበሌው ተጠሪ አንዱ የሌላውን ቁጥር ይያዝ። የተነከሰ ሰው ሲመጣ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ክትባቱም ሳይዘገይ ይጀመራል፤ ቁስሉ ከደማ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ክትባቱ እስኪሠራ ቫይረሱን የሚከላከል ዝግጁ ፀረ-አካል) ይጨመርበታል። ካርዱ ላይ «ውሻ ነክሶት» ብሎ ማለፍ ግን ለእንስሳት ሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ውሻው የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሰፈር እንደሚውል፣ መከተቡ፣ ሳይነኩት መንከሱና ሌላ ሰው ወይም ከብት ነክሶ እንደሆነ ተጠይቆ፣ መልሱ በዕለቱ ሊደርሰው ይገባል።

የእንስሳት ሐኪሙ ፈጥኖ ካልደረሰ የሰፈሩ ሰው ውሻውን ገድሎ ይጥለዋል፤ ያኔ ትልቁ ማስረጃ ይጠፋል። በሕይወት ከተገኘ ታስሮ ለ10 ቀናት ይጠበቃል። ጤነኛ ሆኖ ከሰነበተ፣ ሲነክስ በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ስለሆነ፣ ይህ ለጤና ጣቢያው ተነግሮ ቀሪው ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ከሞተ ደግሞ ጭንቅላቱን አስቀድሞ የተከተበና ጓንት ያጠለቀ ባለሙያ ቆርጦ፣ በቅዝቃዜ ይዞ ለምርመራ ይልካል።

ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው ከካህናትና ከባህል ሐኪሞች ጋር መመካከር ነው። ተነክሶ መጀመሪያ ወደ ጠበል የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ እምነቱን የሚነቅፍ ባለሙያ ደግሞ ታካሚውን ያርቀዋል። ስለዚህ ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተቀምጦ፣ ሰውየው ጠበሉን ሳይተው ቁስሉ በሳሙናና በውኃ እንዲታጠብና ክትባቱ በዕለቱ እንዲጀመር መስማማት ያስፈልጋል። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ለምእመናን ቢናገር፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ማስታወቂያ እጅግ የላቀ ተሰሚነት ይኖረዋል።

ውሾችን በተመለከተ፣ ቢያንስ 70 በመቶው በየዓመቱ ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ለዘመቻው ሰፈር የሚመረጠውም ጤና ጣቢያው ከመዘገባቸው ንክሻዎች ተነሥቶ ነው።

ይኸው ግንኙነት ከከብት ወደ ሰው ለሚተላለፈው አባ ሰንጋም (አንትራክስ) ያገለግላል። ከብት በድንገት ሲሞት የእንስሳት ሐኪሙ በድኑ ሳይከፈት፣ ሥጋውም ሳይከፋፈል በጥልቀት እንዲቀበር አድርጎ ለጤና ጣቢያው ይደውላል፤ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ቆዳው ላይ የወጣበት ሰው ሲመጣ ደግሞ ሐኪሙ ከብት ሞቶበት ወይም አርዶ እንደሆነ ጠይቆ ለእንስሳት ሐኪሙ ይደውላል።